የአፈር ባዮሎጂ ሥልጠና ልወስድ አስቤ ነበር፤ ለእኛ ቀይ አፈር ይጠቅማል ትላላችሁ?

የማቻከሏ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ማቻከል ውስጥ በአንድ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስለ አፈር ጤናና ስለ አፈር ጥቃቅን ህይወት በኢንተርኔት የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና አገኘሁ። ባክቴሪያውን፣ ፈንገሱን፣ ፕሮቶዞዋውንና ኔማቶድ የሚባለውን ጥቃቅን ትል በማይክሮስኮፕ እየቆጠሩ፣ ኮምፖስቱን በዚያ መሠረት ማዘጋጀት ያስተምራል። ክፍያው በዶላር ነው፤ ለእኔ የብዙ ወር ደመወዝ ይሆናል። ቁጠባዬን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁትን ብትነግሩኝ።

ነገሩ ያሳሰበኝ አምና ነው። ለባቄላ ዘር የሚለወስ ህያው ማዳበሪያ መጣልን፤ ሥሩ ላይ እባጭ ሠርቶ ናይትሮጅን ከአየር የሚይዝ ባክቴሪያ ያለበት ነው። ቆርቆሮ ክዳን ባለው መጋዘን ውስጥ ከዩሪያው ጋር ተቆልሎ ሦስት ሳምንት ያህል ከርሞ ነበር። እኔም ሳላውቅ ከዚያው አውጥቼ ለአንዲት እናት ሰጠኋቸው፤ ዘሩን በስኳር ውሃ አርሰን፣ ለውሰን ዘራን። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አበባ ሲይዝ ነቅለን ሥሩን አየነው። የመርፌ ራስ የሚያካክሉ ሦስት አራት እባጮች ብቻ። በጥፍሬ ብሰነጥቃቸው ውስጣቸው ነጭ። የሚሠራ እባጭ ውስጡ ቀላ ያለ መሆኑን እንኳ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ አንብቤ ነው። እናታችን ክፉ አልተናገሩኝም፤ «ልጄ፣ ምን ነበር ያስቀባሽኝ?» ብቻ አሉኝ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ነፍስ ያለው ነገር መሆኑን፣ ሙቀትና ፀሐይ እንደሚገድለው ማንም አልነገረኝም። ስንማር ስለ ኩንታልና ሄክታር እንጂ ስለዚህ ብዙም አላነሳንም።

ከአዴት መንገድ

እህቴ፣ እኔ በአፈር ላቦራቶሪ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የምትዪው ዓይነት ሥልጠና አሜሪካዊቷ ኢሌን ኢንግሃም ያስፋፉት መንገድ ነው፤ ከንቱ ነው አልልሽም። በማይክሮስኮፕ ውስጥ ኔማቶድ ሲላወስ ያየ ሰው አፈርን እንደ ድሮው አያይም። ነገር ግን በእኛ አገር ከመቁጠር የሚቀድም ነገር አለ፤ እሱም የአፈሩ ኮምጣጣነት ነው።

የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው። ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳዋል። ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ ውሃም ምግብም ፍለጋ ርቆ አይሄድም። የምንጨምረውን ፎስፈረስ ደግሞ አሉሚኒየሙና ብረቱ ጨብጠው ይይዙታል። ገበሬው ገንዘቡን ከፍሎ ያመጣው ማዳበሪያ እዚያው ማሳው ላይ ተቆልፎበት ይቀራል ማለት ነው። የባቄላ እባጭ የሚሠራው ባክቴሪያም ኮምጣጣ አፈር አይስማማውም። ስለዚህ አምና የሆነውን በመጋዘኑ ብቻ አታሳቢ፤ ከረጢቱ ደህና ቢሆንም ኖሮ እዚያ ማሳ ላይ ላይሠራ ይችል ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በራስሽ ላይ አትጫኚ።

መጀመሪያ ናሙና ውሰጂ። ማሳውን ዚግዛግ እየሄድሽ ከአሥራ አምስት ያህል ቦታ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። ከመንገድ ዳር፣ ፍግ ከተከመረበትና ከብት ከሚያድርበት ቦታ አትውሰጂ። በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅለሽ፣ በጥላ አድርቀሽ ላኪ። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ይመረመራል። ኮምጣጣነቱን የሚቀንሰው ኖራ የሚያስፈልግ ከሆነ ከመዝራት አንድ ሁለት ወር አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት፤ በሰኔ ተበትኖ በሰኔ ውጤት አይጠበቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ግብጦን ሰው የሚያስበው ለአረቄ ማጣጣሚያ ነው። ሲነቀል ሥሩን አይተሽው ታውቂያለሽ? እንደ ብሩሽ የተጠጋጉ ጭፍግ ያሉ ሥሮች ያወጣል፤ ከነሱ የሚወጣው ሲትሪክ አሲድ የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታል። አያቶቻችን ሌላው ሰብል እምቢ ባለው መሬት ላይ ግብጦ ሲዘሩ የኖሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

የፋግታው ገበሬ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ፋግታ ለኮማ አራሽ ነኝ። የእኛም መሬት ገብስ እንኳ እየነፈገን ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተከልንበት። በመጀመሪያው ክረምት ከጤፍ ጋር አብሮ ይዘራል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ለከሰል ይቆረጣል። ቅጠሉ ሲረግፍበት ከርሞ ስታርሰው አፈሩ ሌላ ነው። ከሰል የተከሰለበት ቦታ ላይማ ሰብሉ ጠቁሮ በሩቅ ይታያል። አሁን በሽታ ገብቶበት ዛፉ እየተጎዳብን ነው፤ እሱ ያሳዝነኛል።

ግን የኔ ልጅ፣ ስለ ኮምፖስት ስታስተምሪ ኩበቱን አስቢበት። ፍጉን ጠፍጥፋ የምታደርቀው ባለቤቴ ጠፍቷት አይደለም፤ እንጀራው በምን ይጋገር? ገለባውንም በሬዎቹ ይበሉታል። እኛ ቤት ፍግ ወደ ማሳ መውጣት የጀመረው የዛፉ ቅርንጫፍ ለምድጃ ሲበቃን ነው። ማገዶ በሌለበት ቤት ስለ ትል ኮምፖስት ብዙ ብታወሪ ሰሚ አታገኚም።

ሰሚራ ከቡሬ

ዶላር ከማውጣትሽ በፊት የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በነፃ የሚሰጣቸውን የኢንተርኔት ትምህርቶች እዪ። «የአፈር ዶክተሮች» የሚሉት ፕሮግራምም አላቸው፤ ገበሬ ገበሬን በእጅ በሚሠራ ቀላል ምርመራ እንዲያስተምር የተሰናዳ ነው። እኔ ከዚያ ተነስቼ የምሠራው ይህን ነው፦ ከማሳው አንድ ደረቅ ጓል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ደግሞ ቄሰ ገበዙን አስፈቅደው አንድ ጓል ያመጡልኛል። ሁለቱንም ውሃ በሞሉ ብርጭቆዎች ውስጥ ቀስ አድርጌ እጨምራለሁ። የማሳው ወዲያው ፈርሶ ጭቃ ይሆናል፤ የቤተ ክርስቲያኑ እንደ ድንጋይ ቁጭ ይላል። የፈንገስ ክርና ጥቃቅኑ ህይወት የሚያወጣው ሙጫ ነው የያዘው። ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ የሚታረስ መሬት ይህ ክር ይበጣጠስበታል። ይህን ሁሉ ስናገር ማንም አይሰማኝም ነበር፤ ብርጭቆውን ሲያዩ ግን ጠጋ ይላሉ።

የማቻከሏ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ስለ ኩበቱ ያሉኝን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ እውነትዎን ነው።

የእናታችንን ማሳ ናሙና ልኬ ነበር፤ ፒኤቹ 4.9 ሆኖ መጣ። ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩና ብርጭቆውንም አብረን ሞከርነው። የእሳቸው ጓል ሲፈርስ ዝም ብለው አዩትና «ታዲያ ይኼ ኖራ የሚሉት መቼ ይመጣል?» አሉኝ። የገበሬዎች ዩኒየኑ ለግንቦት መጀመሪያ ብሎኛል። ህያው ማዳበሪያው ዘንድሮ ሲመጣ መጋዘን ሳይገባ በቀጥታ ተቀብዬ ቤቴ ጥላ ውስጥ ላስቀምጠው ተስማምተናል። የዶላሩን ሥልጠና ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ ነፃውን ጀምሬያለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ኖራው ለሙሉ ማሳ የማይበቃ ከሆነ በመስመር ከዘሩ ጋር በጥቂቱ የሰጠ ሰው አለ? ለባቄላ እንዴት ሆነላችሁ?