የዳሌክ ድምፅ ለመድረክ፦ ያለ ኮምፒውተር እንዴት ይሠራል?

የክበቡ ልጅ
ሰላም ለቤቱ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ያለን የተማሪዎች ድራማ ክበብ ነን። «ዶክተር ሁ» ከተባለው የቢቢሲ ተከታታይ፣ ዳሌኮች (በብረት ቀፎ ውስጥ የሚኖሩ ጠላቶች) መጀመሪያ ከታዩበት ታሪክ (1963 እ.ኤ.አ.) አንዱን ትዕይንት በአማርኛ አሳጥረን መድረክ ላይ ልናወጣ ነው፤ የዶክተሩ ጓደኛ ኢያን የዳሌክ ቀፎ ውስጥ ገብቶ እሱና ጓደኞቹ የሚያመልጡበትን። ቀፎው በኮምፔንሳቶና በካርቶን ተሠርቶ አልቋል። ድምፁ ነው የቸገረን። የስልክ አፕ የሚያወጣው ቀጭን የካርቱን ድምፅ ነው። ያለን ባለ ሽቦ ማይክ፣ ትንሽ ሚክሰርና ሁለት ስፒከር ነው። ሰፈሩ መብራት ስለሚጠፋበት ሚክሰሩን ከባትሪ በኢንቨርተር እናስነሳለን፤ ላፕቶፕ ግን መጨመር አልፈለግንም። የዋናው ድምፅ በምን ተሠራ?

ሽቦና ዳዮድ
አፑ ድምፁን ያቀጥነዋል፤ የዳሌክ አሠራር ግን ሌላ ነው። የቢቢሲው ብራያን ሆጅሰን የተጠቀመው ሪንግ ሞዱሌተር ነው። ተናጋሪዎቹ ፒተር ሆኪንስና ዴቪድ ግርሃም ቀፎ ውስጥ አልነበሩም፤ ስቱዲዮው ዳር ላይ ማይክ ይዘው ይናገሩ ነበር።

መሣሪያው የሰውን ድምፅ ከ30 ኸርዝ ገደማ ሞገድ ጋር ያባዛል። 200 ኸርዝ ሲገባ 170 እና 230 ይወጣል፣ 200ው ራሱ ይጠፋል። 400 ሲገባ 370 እና 430። በሰው ድምፅ ውስጥ ያሉት ድግግሞሾች እርስ በርስ የነበራቸው ምጣኔ ስለሚፈርስ ነው ብረት ብረት የሚለው።

ለመሥራት አንድ የተበላሸ የድሮ ትራንዚስተር ሬዲዮ ፈልጉ፤ ምናለሽ ተራ አይጠፋም። ሁለት ትራንስፎርመር ያለው፣ ማውጫው ፑሽፑል (ሁለት ትራንዚስተር እየተፈራረቁ የሚነዱት) የሆነ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ትራንስፎርመር በሁለተኛ ጥቅሉ በኩል፣ የስፒከሩ ደግሞ በአንደኛ ጥቅሉ በኩል የመሐል እግር አላቸው። ሦስት እግር ያለውን ጎን ሁለቱንም ወደ ዳዮዶቹ አዙሩ። አራቱ ዳዮዶች (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ) ጭራና ራስ ሆነው በአንድ አቅጣጫ ክብ ይሠራሉ፤ ትራንስፎርመሮቹ በተቃራኒ ማዕዘኖች ላይ ይታሰራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የቻርጀር ብሪጅ (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚለውጥ ባለ አራት ዳዮድ ዕቃ) አንሥቶ ይበይዳል። ብሪጅ ውስጥ ዳዮዶቹ ስለማይከታተሉ በፍጹም አይሠራም።

30 ኸርዙን ከስልክ የቶን አፕ አውጡና በሁለቱ የመሐል እግሮች መካከል በ470 ኦም ሬዚስተር በኩል አስገቡ። የሲሊከን ዳዮድ የሚከፈተው 0.6 ቮልት ገደማ ላይ ስለሆነ የስልኩ ጃክ ብቻውን ብዙ ጊዜ አያንቀሳቅሰውም፤ መሐል ላይ ትንሽ የባትሪ አምፕሊፋየር አስገቡበት፣ ወይም በ0.3 የሚከፈተውን ጀርማኒየም ተጠቀሙ። የሰው ድምፅ ጉልበት ሁልጊዜ ከ30 ኸርዙ ጉልበት ያነሰ ይሁን፤ ከበለጠ ይሰነጣጠቃል።

አዳማቂ
ከትንሽ ሬዲዮ የወጣ ትራንስፎርመር 30 ኸርዝ የት ያሳልፋል? ኮሩ (መሐሉ ያለው ብረት) እኮ የጥፍር ያህል ነው።

ሽቦና ዳዮድ
ማሳለፍ የለበትም። በመሐል እግር የገባው ጅረት ለሁለት ተከፍሎ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄድ ኮሩ ውስጥ ይጠፋፋል። ትራንስፎርመሮቹ የሚያሳልፉት የሰውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ይበቃሉ።

ሳውንድማን
ሚክሰሩ ላይ ጥንቃቄ። ማይኩን በቀጥታ ትራንስፎርመሩ ላይ አትሰኩ፣ ጉልበት የለውም። ከሚክሰሩ ኦክስ (ተጨማሪ መውጫ) ወደ መጀመሪያው ትራንስፎርመር አውጡ፣ ውጤቱን በሌላ ቻናል መልሱ። የማይኩን ቻናል ዋና ፌደር (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ) ዜሮ አድርጉ፣ አለዚያ ንጹሑ ድምፅ ከዳሌኩ ጋር ተደርቦ ይወጣል። የተመለሰበትን ቻናል ኦክስም ዝጉ፣ አለዚያ ድምፁ እየዞረ ይጮኻል። ብሉቱዝ ስፒከር ደግሞ አታስቡት፤ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ከዳሌኩ የራስ መብራት ጋር አይገጥምም።

አነጋገሩ ግማሽ ሥራ ነው። አንድ ቃና ላይ ቆሞ፣ ፊደል በፊደል እየቆረጡ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ከፍ ማድረግ። በአማርኛ ሳድስ ፊደላት ቶሎ ይዋጣሉ፤ ስለዚህ ግዕዝና ራብዕ የበዛባቸውን አጫጭር ትእዛዞች ምረጡ።

ለመረጣችሁት ትዕይንት አንድ ነገር፦ እዚያ ታሪክ ውስጥ ዳሌኮች የሚንቀሳቀሱት ከብረት ወለል በሚያገኙት ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። ለዚህ ነው እነ ኢያን የአንዱን ዳሌክ ዓይን በጭቃ ደፍነው፣ ከብረት ወለሉ በሚለየው ካባ (ልብስ) ላይ ሲገፉት ሞተሩ ቀጥ የሚለው። ካባውን ተመልካች በደንብ ይየው፤ ካልታየ ለምን እንደቆመ ማንም አይገባውም። ኢያን ቀፎው ውስጥ ሲገባ ድምፁ መለወጥ ስላለበት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያለው ማይክ ላይ ሌላ ሰው አስቀምጡ።

የክበቡ ልጅ
ገጣጥመነው ይናገራል፣ እግዜር ይስጥልን! ግን ማንም ሳይናገር «ብርርር» የሚል አለ።

ሽቦና ዳዮድ
30 ኸርዙ እየሾለከ ነው፤ ዳዮዶቹ እኩል አይደሉም። አሥር አሥራ አምስት ያህል ግዙና በመልቲሜተር ዳዮድ መለኪያ እያነበባችሁ የሚቀራረቡትን አራቱን ለዩ፤ ልዩነታቸው ከጥቂት ሚሊቮልት አይብለጥ። በጣታችሁ ይዛችሁ አትለኩ፣ ሙቀት ንባቡን ይለውጣል።

የሚቀረውን በቁልፍ ግደሉት። ባለ ሁለት መስመር ተጫኝ ቁልፍ በተናጋሪው እጅ ይሁን፤ አንዱ መስመር 30 ኸርዙን፣ ሌላው በዳሌኩ አናት ላይ ያሉትን ኤልኢዲዎች (ትንንሽ መብራቶች) ይዝጋና ይክፈት። 30 ኸርዙ ሲቋረጥ ዳዮዶቹ ስለማይከፈቱ ድምፁም አብሮ ይዘጋል፤ መብራቱም የሚበራው ዳሌኩ ሲናገር ብቻ ይሆናል። ከመጀመሪያው ቃል ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ይጫን፣ አለዚያ የቃሉ መነሻ ይበላል።