የኩሬው ማኅበር አባላት የጽሑፍ ውይይት፦ ለኩሬው የዓሣ መደበቂያ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ያለፈው የዓሣ ጫጩት የት እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን። ገዝተን ወፍ ቀለብንበት። የኩሬው ወለል እንደ ሳህን ልሙጥ ነው፤ የሚሸሸጉበት አንድ ጉቶ እንኳ የለም። ስለዚህ አዲስ ጫጩት ከመግዛታችን በፊት መደበቂያ እንሥራ። ያሰብነው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የጠንካራ እንጨት ቅርንጫፍ በናይሎን ገመድ ታስሮ፣ ብሎክ ተደርጎለት የሚሰጥም ነው። ሌላው ባልዲ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ ወደ ላይ የምንሰካበት። ጥልቀቱ ከ1 እስከ 2 ሜትር ይሁን። ጥልቁ ጋ ከጣልነው በሙቀት ወራት ታች ኦክስጅን ያጥራል፣ ዓሣም አይጠጋውም። ማን ምን ያመጣል?

ባለ ጀልባው፦ ማጓጓዙ በእኔ። ግን የሰጠመበት ቦታ ምልክት ይኑረው። አለዚያ መንጠቆ ሁሉ እዚያ ተይዞ ይቀራል፣ ሞተሬም ገመድ ይጠቀልላል። ቢጫ ጀሪካን እንሰርበት፤ ከሩቅ ይታያል።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ቱቦውን ለእኔ ተዉት። ድሪል አለኝ። ላይና ታች ካልተበሳ አየር ይይዝና ይንሳፈፋል። ቅዳሜ ጨርሼ አመጣለሁ።

ምሥራቅ ዳር፦ ቢጫ ጀሪካን አይሆንም። ኩሬው የቆሻሻ መጣያ አይደለም። ቤቴ ምሥራቁ ዳር ላይ ነው፤ ጠዋት መስኮት ስከፍት የማየው እሱን ነው ማለት ነው?

ባለ ጀልባው፦ እትዬ፣ ጀሪካኑ ለመታየት ነው የሚታሰረው። ካልታየ ምን ይሠራል?

ምሥራቅ ዳር፦ አረንጓዴ አድርጉት።

ባለ ጀልባው፦ አረንጓዴ ከውሃው ጋር ይመሳሰላል። ማታ ስመለስ እላዩ ላይ ነው የምወጣበት።

መምህር፦ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ትኩስ ሲሚንቶ ኖራውን ወደ ውሃ ይለቃል፣ ዓሣ ይጎዳል። በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ሌላ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይቆይ። ቅርንጫፉ ከነቅጠሉ አይግባ፤ ቅጠሉ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ መደበቂያ አታብዙ። የኛ ዓሣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው፣ እንደ ጉድ ይራባል። ጫጩቱ ሁሉ ከተረፈ ምግቡ አይበቃም፣ ዓሣው ድንክ ሆኖ ይቀራል። ኩሬውን ሙሉ ሳይሆን ጥቂት ቦታ ብቻ እንሥራ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለቀለም የሚወጣ ገንዘብ የለም። ጀሪካኑ በተገኘው ቀለም ይሁን።

መረብ ሠሪው፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ምልክት ካደረግንበት የማታ ሌባ በቀጥታ እዚያው ነው የሚሄደው። ዓሣው የተሰበሰበበትን ቦታ ራሳችን ልናሳየው? ቢጫም አረንጓዴም አይሁን። ጭራሽ ምልክት አይኑር።

ባለ ጀልባው፦ ሌባው ቦታውን ድሮ ያውቀዋል። የማናውቀው እኛ ነን። ባለፈው መረብህ ግንድ ላይ ሲቀደድ እኔ ነኝ በእጄ የፈታሁልህ። ምልክት ቢኖር አይቀደድም ነበር።

መረብ ሠሪው፦ እሱን አታንሳ። ለመረቡ ማኅበሩ አልከፈለኝም፣ አንተም ታውቃለህ።

ገንዘብ ያዥ፦ በቃለ ጉባኤ ያልተወሰነ አይከፈልም ተብሏል። ያለቀ ነገር አትቀስቅስ።

ምሥራቅ ዳር፦ መዋጮ ስጡ ሲባል ቀድሜ የምሰጥ እኔ ነኝ። ሐሳቤ ሲመጣ ግን «እትዬ» ተብሎ ይታለፋል። ጀሪካኑ ከታሰረ የእኔን ድርሻ መልሱልኝ።

ባለ ጀልባው፦ እንግዲያው ጀልባ ከሌላ ፈልጉ።

ሰብሳቢ፦ ረጋ በሉ። ጀልባውም ድርሻውም የትም አይሄድም። መምህር የጻፉትን ያነበበ አለ?

አዲስ አባል፦ እኔ አንብቤያለሁ። አሮጌ ጎማ ብናሰጥምስ? በነጻ ይገኛል።

ገንዘብ ያዥ፦ በነጻ ከሆነ ደስ ይለኛል።

መምህር፦ ጎማ አይሆንም። ዚንክና ሌላም ኬሚካል ወደ ውሃ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ላይ ኦስቦርን ሪፍ የሚባል የዓሣ መጠለያ እንሥራ ብለው 2 ሚሊዮን ገደማ ጎማ ባሕር ውስጥ አሰመጡ። ማሰሪያው ተበጠሰ፣ ጎማው እየተንከባለለ አጠገቡ ያለውን ኮራል የሚባል የባሕር ፍጥረት አበላሸ። ለማውጣት ስንት ዓመት ፈጀባቸው። ኬሚካል የተነከረ እንጨትም እንዳታመጡ።

አዲስ አባል፦ እሺ፣ ጎማው ይቅር። ቀርከሃስ?

መምህር፦ ቀርከሃ ይሆናል። ግን በየአንጓው መሃል ይበሳ፣ ውስጡ አየር አለ። ብሎኩንም አትሳሱበት። 20 ኪሎ ሲሚንቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ 12 ኪሎ አይሞላም። ውሃው ያቀለዋል።

ጸሐፊ፦ ቧንቧ ሠራተኛው የት ደረሰ? ቅዳሜ አለፈ። ስልክ አያነሳም።

ባለ ጀልባው፦ ለእትዬ ስል አንድ ሐሳብ አለኝ። ጀሪካኑ ነጭ ይሁን፣ ትንሽዬውን እንጠቀም።

ምሥራቅ ዳር፦ ነጭ አልጌ ሲይዘው ይባስ ያስጠላል። ግን ስላሰብክልኝ ተባረክ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነው የጻፍኩት።

መረብ ሠሪው፦ የሌባው ጉዳይ አልተመለሰም።

ሰብሳቢ፦ ምልክቱ ካጣላን ምልክት የማያስፈልገው ቦታ እንፈልግ። ከዳር አጠገብ፣ በዓይን የሚታይ ቦታ ላይ እናድርገው። ለጥበቃም ይመቻል።

ባለ ጀልባው፦ ዳር ከሆነ በጀልባ መሄድም አያስፈልግም። እላዩ ላይ የእንጨት መድረክ ብንሠራስ? ጥላ ይሆነዋል፣ ዓሣ ጥላ ይወዳል። እኛም ቁጭ ብለን እናጠምዳለን።

አዲስ አባል፦ ይሄ ደስ ይላል። ልጆቹም ይመጣሉ።

ምሥራቅ ዳር፦ መድረክ ከሆነ እኔም እስማማለሁ። አግዳሚ ወንበር ይኑረው።

መምህር፦ መድረኩ ዓሣ ይሰበስባል፣ እውነት ነው። የሚሰበስበው ግን ትልቁን ነው። ትልቁ ደግሞ ጫጩቱን ይበላል፣ በተለይ አምባዛ። ያሰብነው ጫጩት ለማትረፍ ነበር። ለጫጩት የሚያስፈልገው ጠባብ ቦታ ነው። ቅርንጫፉ ጥቅጥቅ ብሎ ይታሰር፣ በመሃሉ ጣት ብቻ የሚያስገባ ክፍተት ይቅር። ጫጩት ይሾልካል፣ ትልቁ ዓሣም ወፉም አይገባም። ዳር ላይ ብቻ ካደረግነው ደግሞ ረጅም እግር ያላቸው ወፎች ቆመው ይለቅሙታል።

ባለ ጀልባው፦ መምህር፣ ከመድረኩ ሥር ቅርንጫፍ እናስገባለን። ሁለቱም ይሆናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ለጣውላና ለምስማር የሚሆን ገንዘብ ከየት ነው? ያለው ለጫጩት የተያዘው ብቻ ነው።

ሰብሳቢ፦ የጫጩቱ ግዢ ቢገፋስ? ዘንድሮ መድረኩን፣ ለከርሞ ጫጩቱን።

መምህር፦ መደበቂያ ሳይኖር አሁን ተገዝቶ ከሚበላ ይቆይ። በዚህ እስማማለሁ። ግን ለከርሞ የሚለው በቃለ ጉባኤ ይጻፍልኝ።

ጸሐፊ፦ ያሻሻልኩት ረቂቅ ይኸው። አንደኛ፣ በምሥራቁ ዳር የእንጨት መድረክ ከነአግዳሚው። ሁለተኛ፣ ከሥሩ የቅርንጫፍ እስር፣ ብዛቱ በመምህር ምክር። ሦስተኛ፣ ጫጩት ለከርሞ። የሲሚንቶ ባልዲውን አውጥቼዋለሁ፣ ቱቦ የሚበሳ ሰው የለንም። ምልክት አይኖርም።

ገንዘብ ያዥ፦ የጣውላው ልክና ብዛት ተጽፎ ካልመጣ አልፈርምም።

መረብ ሠሪው፦ እኔ ቅርንጫፉን ቆርጬ ደጅ ከምሬዋለሁ። ቅጠሉ እስኪረግፍ አይነሳም። ሲረግፍ አስረዋለሁ፤ ጥልቁ ጋ ይሁን ዳር ላይ፣ የምጥልበትን ቦታ ብቻ ንገሩኝ።