ዲፖዚቴን አልመለሰልኝም፤ ስሞል ክሌምስ ልክሰሰው?

የናሆም እናት፦
ሰላም ወገኖች። የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው። አምስት ዓመት ከኖርኩበት አፓርታማ ቤቱን አጽድቼ፣ ቁልፉን አስረክቤ ወጣሁ። አከራዬ ግን ስገባ ያስያዝኩትን 2,400 ዶላር ዲፖዚቴን ይዞ ቀረ። ይኸው ሁለት ወር አለፈ። ስደውልለት «ለቀለምና ለምንጣፍ ወጥቷል» ይለኛል። አንድም ደረሰኝ አላሳየኝም። ጠበቃ ለማቆም አቅም የለኝም። እንግሊዝኛዬም ዳኛ ፊት የሚያስወራ አይደለም። ልክሰሰው ወይስ ልተወው?

ታክሲ ነጂው፦
እህቴ፣ እንዳትተዪው! ስሞል ክሌምስ ማለት አነስተኛ የገንዘብ ክሶች የሚታዩበት ችሎት ነው፤ እዚያ ጠበቃ ይዞ መከራከር አይፈቀድም። አከራይሽም ራሱ ቆሞ ነው የሚመልሰው። አንድ ግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር መጠየቅ ይችላል። 2,400ውን ብቻ ከጠየቅሽ ክስ መክፈቻው 50 ዶላር ነው፤ ከረታሽ እሱም እንዲመለስልሽ ትጠይቂያለሽ። ገቢሽ አነስተኛ ከሆነ ክፍያው እንዲቀርልሽ የሚሞላ ፎርም አለ።

ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። ከወጣሽ በ21 ቀን ውስጥ ወይ ገንዘቡን፣ ወይ የቆረጠበትን ዝርዝር ከቀሪው ጋር መላክ ነበረበት። ለጥገናና ለጽዳት የቆረጠው ከ125 ዶላር በላይ ከሆነ ደረሰኝም ማያያዝ አለበት። በኑሮ ብዛት የደበዘዘ ቀለምና የሳሳ ምንጣፍ ተከራይ ላይ አይጫንም። ሆን ብሎ በክፋት እንደያዘው ዳኛው ካመነ፣ ከዲፖዚቱ ሌላ እስከ እጥፉ ሊያስከፍለው ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከኔ ተማሪ። መኪናዬን የገጨ ሰው ከስሼ ነበር። ስንት ሌሊት የበደሌን ታሪክ ሳሰላስል አድሬ ሄድኩ። ዳኛዋ ገና አፌን ስከፍት «የጋራዡን ደረሰኝ አሳየኝ» አለችኝ። ስልኬ ውስጥ ነበር። ፎቶ ወደላይ ወደታች ስፈልግ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳላገኘው ጊዜዬ አለቀ። የተፈረደልኝ የጠየቅሁትን ግማሽ ነው። ስለዚህ ውሉን፣ ስትገቢና ስትወጪ ያነሳሻቸውን ፎቶዎች፣ ቴክስቶቹን ሁሉ አሳትሚ። በቀን ቅደም ተከተል አድርገሽ ሦስት ሦስት ኮፒ ያዢ፤ አንዱ ለዳኛው፣ አንዱ ለሱ፣ አንዱ ላንቺ።

አስተርጓሚዋ፦
ስለ ቋንቋው አትጨነቂ። ፍርድ ቤቱ በነጻ አስተርጓሚ ያቀርባል። ክሱን እንደከፈትሽ «አይኤንቲ 300» የሚባለውን ፎርም ሙዪና አማርኛ ብለሽ ጻፊ። የአማርኛ አስተርጓሚ እንደ ስፓኒሽ በየቦታው አይገኝምና ቀኑ እስኪደርስ አትጠብቂ። እባክሽ ልጅሽን አታስተርጉሚ። እናቱ ስትጠየቅ ቆሞ መተርጎም ለልጅ ከባድ ነው፤ በሥራዬ አይቼዋለሁ። በየካውንቲው ደግሞ ነጻ የስሞል ክሌምስ አማካሪ አለ። ፎርሙን ከማስገባትሽ በፊት ደውዪላቸው።

የናሆም እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከምን ልጀምር? መጥሪያውን እኔው ልሰጠው እችላለሁ?

ጎረቤት፦
አትችዪም። መጥሪያውን የሚሰጠው በጉዳዩ የሌለበት፣ 18 ዓመት የሞላው ሰው ነው። ጓደኛሽም ይሆናል፣ ሸሪፍም (የካውንቲው ሕግ አስከባሪ) በክፍያ ያደርሳል። እዚያው ካውንቲ ውስጥ ከሆነ ቢያንስ ከችሎቱ 15 ቀን በፊት በእጁ መድረስ አለበት። ያደረሰው ሰው ፎርም ሞልቶ ይፈርማል፤ ያንን ለፍርድ ቤቱ ታስገቢያለሽ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ቀጠሮው የሚራዘምበት።

የመጀመሪያው ሥራ ግን ደብዳቤ ነው። የክስ ፎርሙ፣ «ኤስሲ 100» የሚሉት፣ ገንዘቡን አስቀድመሽ ጠይቀሽው እንደሆነ ይጠይቅሻል። አጭር አድርጊው፦ የወጣሽበት ቀን፣ 2,400 ዶላር፣ 21 ቀኑ ማለፉ፣ እስከዚህ ቀን ካልከፈልክ እከስሃለሁ። ኮፒውን አስቀሪ። ስሙን ደግሞ ከውሉ ላይ እንዳለ ገልብጪ። ቤቱ በድርጅት ስም ከሆነ የሚከሰሰው ድርጅቱ ነው። በተሳሳተ ስም የተፈረደ ፍርድ ሲያስፈጽሙት ያስቸግራል።

ታክሲ ነጂው፦
አንድ የረሳሁት። ፍርድ ቤቱ ይፈርዳል እንጂ ገንዘቡን ሰብስቦ አይሰጥሽም። ደግሞ ከሳሽ ስለሆንሽ በራስሽ ክስ ከተረታሽ ይግባኝ የለሽም፤ እሱ ግን 30 ቀን አለው። ያ አልፎ አልከፍልም ካለ በሸሪፍ በኩል የባንክ ሂሳቡን ማስያዝ ይቻላል። ኪራይ በቼክ ትከፍዪ ከነበረ ጀርባውን እዪው፤ የሱ ባንክ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይታያል። ፍርዱ 10 ዓመት ይጸናል።

የናሆም እናት፦
ቼኮቹ አሉኝ። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ፣ ነገ በሪኮማንዴ እልከዋለሁ። መልስ ከመጣ እዚሁ እነግራችኋለሁ።