ትኩስ ሽሮ በፌስታል መብላት ጉበት ይጎዳል እንዴ?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ድካም በዛብኝ ብሎ ሲመረመር «ጉበትህ ላይ ስብ አለ» ተባለ። የጉበት ኤንዛይሙም ከፍ ብሏል። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሐኪሙ ከዚያ በላይ አላስረዳውም፣ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ ማይክሮፕላስቲክ ሰው ጉበት ውስጥ ተገኘ የሚል አየሁና እንቅልፍ አጣሁ። እኛ ቤት ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካንና በሃይላንድ ሞልተን ነው የምናስቀምጠው። እሱ ደግሞ ሱቅ ስለሚውል ምሳው የሚንተከተክ ሽሮ በፌስታል ተቋጥሮ ነው የሚመጣለት፣ በዓመት ስንት ቀን እንደሆነ አስቡት። ጉበቱን የጎዳው ይሄ ይሆን? መመርመሪያስ አለው? የምታውቁ ንገሩኝ፣ እናቴም ተጨንቃለች።

ላብራቶሪ ኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ። እኔ ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ ይሄን ጉዳይ ስከታተለው ቆይቻለሁ።

ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ ስብርባሪ ነው፣ አብዛኛው በዓይን አይታይም። ከምግብና ከውሃ ጋር ይገባል። አብዛኛው በሰገራ ይወጣል። በጣም ደቃቁ ግን የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ከአንጀት የሚነሳው ደም ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው። ጉበት ውስጥ ባዕድ ነገር የሚውጡ ሴሎች አሉ፣ እዚያ ይያዛል። አይጦች ላይ ሲሞከር ጉበታቸው ሲቆጣና ስብ ሲያጠራቅም ታይቷል። ግን ለአይጦቹ የሚሰጣቸው መጠን ብዙ ጊዜ ሰው ከሚያገኘው እጅግ የበዛ ነው።

ያነበብሽው በ2022 እ.ኤ.አ. ጀርመን የወጣው ጥናት ሳይሆን አይቀርም። ጠባሳ የያዘ ጉበት፣ ሲሮሲስ የምንለው፣ ውስጥ አገኙ፣ ጤነኛው ውስጥ አላገኙም። ይሄ ያስደነግጣል። ነገር ግን የተመረመሩት ሰዎች ከአሥር ብዙም አይዘሉም። ደግሞ ጉበት ሲታመም የአንጀት ግድግዳም ይላላል፣ ስለዚህ ፕላስቲኩ በሽታውን አመጣ ወይስ በሽታው ለፕላስቲኩ በር ከፈተ የሚለው አልተለየም። ለበሽተኛ የሚታዘዝ የማይክሮፕላስቲክ ምርመራም የለም። አለ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠመሽ አትክፈይ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሄፓታይተስ ቢ፣ ጉበት የሚያጠቃውን ቫይረስ፣ ተመርምሯል? እኛ አገር ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፣ የወንድምሽ ዕድሜ አላገኘውም። ሄፓታይተስ ሲንም ይመርመር። ስኳሩን ይለካ። ወገቡ አካባቢ ቦርጭ ካለውና ለስላሳ የሚያዘወትር ከሆነ፣ መጠጥ ባይጠጣም ጉበት ላይ ስብ የሚያመጣው ዋናው ነገር እሱ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ልጄ፣ የወንድምሽን ነገር አላህ ያቅልለው። የእኔም ባለቤት ጉበቱን ታሞ ነበር፣ መጀመሪያ ስንት ነገር ጠረጠርን። በኋላ ሲታይ ቢልሃርዚያ ሆኖ ተገኘ፣ በልጅነቱ ውሃው ውስጥ ሲዋኝ ያደገ ሰው ነው። ወንድምሽ እንደዚያ ካደገ ለሐኪሙ ይንገረው። ቆላ ወርዳችሁ ከጉድጓድ የወጣ ማሽላ የምታመጡ ከሆነም የሻገተውን አትብሉ፣ ሻጋታው ጉበት እንደሚጎዳ ጤና ባለሙያዎቹ አስተምረውናል።

ፌስታሉን ግን እኔም አልወደውም። እኛ ስንቅ በአገልግል ነበር የምንይዘው። አሁን ምግብ ቤቱ ሁሉ ትኩሱን ዝም ብሎ ይቋጥራል። የብረት ሳህን ይላክ፣ ምን ችግር አለው?

የቦሩ ልጅ፦
እኔ የማውቃቸው አንድ ሰው ጉበት የሚያጥብ ቅጠል ይሰጣሉ፣ ብዙ ሰው ድኖበታል። ከፈለግሽ በውስጥ ልጻፍልሽ።

ላብራቶሪ ኮምቦልቻ፦
ወንድሜ ለበጎ እንዳልከው አውቃለሁ፣ ግን እባክህ አታድርገው። ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ጉበት ሲጎዳ በዓይኔ አይቻለሁ። ኤንዛይሙ ትንሽ ከፍ ብሎ የነበረ ሰው፣ በሦስት ሳምንት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነው የተመለሰው። ጉበት የሚታጠብ ነገር አይደለም። ከክብደቱ 7 እስከ 10 በመቶ ቢቀንስ ግን ስቡ በግልጽ ይቀንሳል።

እትዬ ሐይቅ ዳር ያሉት ትክክል ነው። ፕላስቲክ በጣም የሚለቀው ሲሞቅ ነው። ትኩስ ሽሮና ሻይ በፌስታል ይቅር። ሃይላንዱን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፣ ደጋግሞ መሙላትም ይቅር፣ የተጫጫረውን ጣሉት። የታሸገ ውሃ ይሻላል እንዳትዪ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲለካ በአንድ ሊትር በአማካይ 240,000 ገደማ ቅንጣት ነው የተገኘው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ ውሃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙና በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፣ ቅርፊቱ ሲሠራ ቅንጣቱን ይዞት ይቀራል። በአንድ የቻይና ሙከራ እንዲህ ቅርፊት በሚሠራ ውሃ ላይ እስከ 90 በመቶ ቀንሷል።

ጦሳ ሥር፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እትዬ፣ እሱም ሐይቅ አጎታችን ዘንድ ነው ክረምቱን ሲዋኝ ያደገው፣ ይሄን ማንም ጠይቆን አያውቅም። ሰኞ ቢውንም ሲውንም ቢልሃርዚያውንም አብረን ሄደን እናስመረምራለን። ምሳውን ከዛሬ ጀምሮ ክዳን ባለው የብረት ሳህን ልኬለታለሁ፣ ባለ ምግብ ቤቷም ደስ አላት፣ ፌስታል ተወዶባታል። ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።