ራቢት አንግስትሮም የአሜሪካ መስታወት ነው ወይስ ዝም ብሎ ራስ ወዳድ?

ቀለሟ፦
ሰላም የመጽሐፍ ወዳጆች። አሜሪካዊውን ደራሲ ጆን አፕዳይክን ያነበባችሁ ካላችሁ እስቲ አስረዱኝ። «ራቢት ረን» የሚለውን ልብ ወለዱን ጨርሼ ንድድ ብያለሁ። ሃሪ አንግስትሮም፣ በቅጽል ስሙ ራቢት፣ 26 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት እያለ የቅርጫት ኳስ ኮከብ ነበር። አሁን ፔንሲልቬንያ ውስጥ የአትክልት መላጫ ለደንበኛ እያሳየ ይሸጣል። አንድ ማታ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ጃኒስንና ትንሽ ልጁን ትቶ መኪናውን አስነስቶ ወደ ደቡብ ይነጉዳል። ዌስት ቨርጂኒያ ሲደርስ መንገዱ ይጠፋዋል፣ በንዴት ካርታውን ይቀዳድዳል፣ ይመለሳል። ወደ ቤቱ እንዳይመስላችሁ! ሌላ ሴት ጋ ሄዶ ይከትማል። በኋላ የተወለደችው ሕፃን እናቷ ሰክራ ስታጥባት ገንዳ ውስጥ ሰጥማ ስትሞት ደግሞ፣ ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ጥፋቱን ሚስቱ ላይ ጥሎ እንደገና ይሮጣል።

እና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነበረችውን አሜሪካ ያሳያል የሚሉት ይሄን ሰውዬ ነው? ጀግና ባይሆን ግድ የለኝም፣ ግን ምኑ ነው አገር የሚያክለው? ቀጣዮቹን ላንብብ ወይስ ይቅርብኝ?

የማታ አንባቢ፦
መናደድሽ ያባት ነው፣ ግን በአንዱ ብቻ አትፍረጂ። አፕዳይክ በየአሥር ዓመቱ ገደማ ወደዚህ ሰው ይመለሳል፦ 1960፣ 1971፣ 1981፣ 1990 (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት አግኝተዋል። የኔ ምክር፣ ሃሪ ስለ ራሱ የሚያስበውን ለጊዜው ተዪውና በምን ሥራ እንደሚተዳደር ተከታተዪ። አገሪቱ ያለችው እዚያ ነው።

መጀመሪያ መላጫ ይሸጣል። የቤት ዕቃ በገፍ የሚመረትበት፣ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠበት ዘመን ነው። ትዝ ካለሽ፣ ጃኒስ የልጆች ፕሮግራም ስታይ እሱም አብሮ ቆሞ ያያል፤ ለሽያጭ የሚሆነው ዘዴ ይማርበታል! በሁለተኛው፣ በ«ራቢት ሪደክስ»፣ ዓመቱ 1969 ነው። ከአባቱ ጋር አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ በሊኖታይፕ፣ ማለት የእርሳስ ፊደል መስመር በመስመር በሚያቀልጥ መኪና፣ ፊደል ይለቅማል። ከተማው ውስጥ የተሠራ ዕቃ ወደ ጨረቃ እየሄደ ነው የሚለውን ዜና በገዛ እጁ ይለቅመዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ማተሚያ ቤቱ ለቃሚ ወደማይፈልገው አዲስ የኅትመት ዘዴ፣ ወደ ኦፍሴት፣ ሲዞር ሥራውን ያጣል። ሰው ጨረቃ ላይ በወጣበት ዓመት አንድ ባለሙያ ሙያው ሲሞትበት ማለት ነው። ማንም ንግግር አያደርግም፣ ማንም አያብራራልሽም።

ሦስተኛው ላይ፣ በ1979፣ ሀብታም ሆኗል። ያውም በአማቱ ንብረት። ቤንዚን ማደያ ላይ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሰው የአሜሪካን መኪና ጠልቷል፣ እሱ ደግሞ ቶዮታ ይሸጣል። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ወታደር የነበረ፣ በቬትናም ጉዳይ ከሰው ጋር የተጣላ፣ መኪናው ላይ ባንዲራ የለጠፈ ሰው በጃፓን መኪና ይከብራል። የዋጋ ግሽበቱ ገንዘቡን እንዳይበላበት የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ሳንቲም ይገዛና አልጋ ላይ በትኖት ከጃኒስ ጋር ይተኛበታል። የፈለግሽውን የኢኮኖሚ ታሪክ አንብቢ፣ የዚያን ዘመን ስግብግብነትና ፍርሃት እንደዚያ አልጋ አያሳይሽም።

ድንቡሼ፦
የማታ አንባቢ ጥሩ ብለሃል፣ ግን «አገሪቱ» ስትል ቀስ በል ወንድሜ። የማን አገር? ነጭ ነው፣ ወንድ ነው፣ ፕሮቴስታንት ነው፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው ያለው። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች ባመቻቸው ብድር ሚሊዮኖች ቤት ገዙ፣ ጥቁሮቹ ግን አብዛኞቹ ከዚያ ዕድል ተገፉ። እዚያው ፔንሲልቬንያ፣ ሌቪትታውን የሚባል አዲስ ሰፈር ውስጥ፣ በ1957 ማየርስ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ቤት ገዝተው ሲገቡ ነጮች ተሰብስበው ድንጋይ ወረወሩባቸው፣ ሳምንታት ሙሉ አስጨነቋቸው። ሃሪ መኪናውን አስነስቶ መንገድ ስለጠፋው ተከፋሁ ሲል፣ በዚያው ጊዜ በዚያው መንገድ ላይ ሞቴል የማያሳድራቸው ሰዎች ነበሩ። እሱ መሸሽ ይችላል፤ ይሄ ራሱ ዕድል ነው።

የማታ አንባቢ፦
ድንቡሼ፣ ያነሳኸው እኮ ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ጃኒስ ጥላው ስትሄድ ሃሪ ቤቱ ውስጥ ጂል የምትባል ከቤቷ የጠፋች ሀብታም ልጅና ስኪተር የሚባል ከቬትናም የተመለሰ ጥቁር ወጣት ያስጠጋል። ጎረቤቶቹ መጥተው ያስጠነቅቁታል። ከዚያ ቤቱ ይቃጠላል፣ ልጅቷም እዚያው ትሞታለች። አፕዳይክ ሰፈሩን አላቆነጀውም።

ድንቡሼ፦
አላቆነጀውም፣ እሺ። ግን ስኪተርን ያየነው በሃሪ ዓይን ነው። ሲሰብክ፣ ሲያስፈራራ፣ ሲያማልል እንሰማዋለን፤ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚሰማው ግን አንድ ገጽ አልተሰጠውም። በመጀመሪያው መጽሐፍ ጃኒስ እንኳ፣ ያቺ የሰከረችበት ከሰዓት በኋላ በራሷ ዓይን ተጽፋላታለች። እኔ ደግሞ ከመጽሐፉ ሁሉ ጠንካራው ክፍል እሱ ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ሃሪ እዚያ የለም።

ሰናይ፦
ስለ ጃኒስ ካነሳችሁ አይቀር፣ ቀለሟ የምትወዳት ይመስለኛል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ቴሌቪዥን ፊት መጠጥ ይዛ የተቀመጠች ሴት፣ በአራተኛው ቤት ለማሻሻጥ ፈቃድ ልታወጣ ኮርስ ትማራለች። ልጃቸው ኔልሰን በኮኬይን ሱስ የቶዮታውን ሱቅ ዕዳ ውስጥ ሲከተው፣ ተፍ ተፍ የምትለው እሷ ናት። ባልየው ግን ፍሎሪዳ ጡረታ ወጥቶ ኦቾሎኒ እየቃመ ልቡን ይገድላል። በዚያ ሁሉ መሃል በ1989 የነጻነት ቀን ሰልፍ ላይ አጎት ሳምን፣ ያንን የአሜሪካ ምልክት የሆነ ባለ ጢም ሽማግሌ፣ መስሎ እንዲሄድ ይመርጡታል! ወፍራም፣ ልቡ የታመመ፣ ጢም የተለጠፈለት አጎት ሳም። አፕዳይክ እዚህ ላይ ትንሽ አብዝቶታል እላለሁ፣ ያለሱም ገብቶን ነበር፤ ግን እየሳቅኩ ነው ያነበብኩት።

ቀለሟ፦
እናንተ ሰዎች፣ ሦስት መጽሐፍ ነው ያወራችሁብኝ፣ የቤቱን ቃጠሎ ሳይቀር! ለማንኛውም ሁለተኛውን እጀምራለሁ፣ ለሃሪ ብዬ ሳይሆን የማተሚያ ቤቱ ነገር ስለሳበኝ። አንድ ጥያቄ ግን አልተመለሰልኝም። ሥራው፣ ቤንዚኑ፣ ወርቁ አገሪቱን ያሳያል፣ እሺ። ታዲያ ሚስት ጥሎ መሮጡስ? እሱም ዘመኑ ያመጣው ነው ወይስ የገዛ ጠባዩ?

የማታ አንባቢ፦
ሁለቱም ይመስለኛል፣ ግን እኔ ወደ ዘመኑ አደላለሁ። የሸሸው በ1959 ነው፣ ትልልቆቹ አውራ ጎዳናዎች ከሦስት ዓመት በፊት በወጣ ሕግ እየተሠሩ ባሉበት ጊዜ። ሁሉም ማስታወቂያ ተነስ፣ ንዳ፣ ይገባሃል ይለዋል። እዚያ ስትደርስ ምን እንደምታደርግ የሚነግረው የለም። የነዳጅ ማደያው ሰውዬ ወዴት እንደሚሄድ ሲጠይቀው የተናገረውን ተመልሰሽ እይው።

ድንቡሼ፦
ጃኒስም ያንኑ ማስታወቂያ ነበር የምታየው። እሷ ግን ልጅ ታቅፋ ቁጭ ብላ ነበር። ስለዚህ እኔ ወደ ጠባዩ።