ስለ መልክና ስለ ራስ ግምት መጠየቅ ለሴት የስኳር ሕመምተኞች ብቻ ይሁን?

መነሻ ጥያቄ፦
በርካታ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከስኳር ሕመም ጋር የሚኖሩ ሴቶች ከወንዶቹ ይልቅ ለድባቴ የተጋለጡ ናቸው፤ ስለ ሰውነታቸው ያላቸው ስሜትም የባሰ ነው። ስለዚህ በክትትል ቀን ስለ መልክና ስለ ራስ ግምት የሚቀርበው ጥያቄ ለሴቶች ብቻ ይሁን የሚሉ አሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ነርስ፦
ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ምክንያቴም ጊዜ በሚያጥርበት ክፍል የከፋ አደጋ ያለበትን ማስቀደም ስላለብን ነው። ኢንሱሊን ሲጀመር በሽንት ይባክን የነበረው ስኳር በሰውነት ውስጥ ስለሚቀር ክብደት ይጨምራል። በዚህ የተነሣ ራሷን በመስታወት ማየት የጠላች ወጣት መርፌውን ሆን ብላ ልትቀንስ ትችላለች፤ ይህም ዓይነት 1 ስኳር ባለባቸው ወጣት ሴቶች ዘንድ በሚገባ የታወቀ፣ ኢንሱሊን ሲያንስ ደም በአሲድ ወደሚመረዝበት ለሕይወት አስጊ ሁኔታ (ኬቶአሲዶሲስ) የሚያደርስ፣ ሲቆይም ዐይንና ኩላሊትን የሚጎዳ አደጋ ነው። አንዲት ታካሚ የሦስት ወር አማካይ ስኳሯ ከፍ ባለ ቁጥር የኢንሱሊኑ መጠን ሲጨመርላት ዝም ብላ ትቀበል ነበር። ሚዛን ላይ ስትወጣ ፊቷን ከቁጥሩ ማዞሯን አይቼ ስለ ክብደቷ ስጠይቃት እንባዋ ቀደማት።

ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ወንድ፦
የእኅታችንን የነርሷን ታሪክ አላጣጥልም። ነገር ግን ወንዶቹ ደኅና ናቸው የሚለው መደምደሚያ ከየት መጣ? መጠይቅ የሚለካው የተነገረውን ብቻ ነው። እኔ በሥራ ቦታ ለዓመታት የምሳ መርፌዬን የምወጋው የመጸዳጃ ቤት በር ቆልፌ ነበር፤ ውጭ ሰው ከተሰለፈ ደግሞ ሳልወጋ እመለሳለሁ። ሐኪሙ የምሳው ለምን እንደሚዘለል ሲጠይቀኝ «ረስቼው ነው» እለው ነበር፤ ደካማ መስዬ እንዳልታይ መፍራቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ስንፈተ ወሲብም አለ፤ ስኳር ያለባቸው ወንዶች ከሌሎቹ በሦስት እጥፍ ገደማ ይጋለጡበታል፤ የነርቭና የደም ሥር ጉዳት ከዋና ምክንያቶቹ ነው። ወንድነቱ የተወሰደበት ያህል የሚሰማው ሰው ለራሱ ያለው ግምት አልተነካም ሊባል አይችልም።

ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው እናት፦
እኔን የሚያመኝ የመልኬ ነገር አይደለም። የዘርና የዕድሜ ድርሻ ተረስቶ «አብዝተሽ በልተሽ ያመጣሽው ነው» መባሌ ነው፤ ይህ ወንዱንም ሴቷንም እኩል ያሳፍራል።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦
በ1995 እ.ኤ.አ. የቀረበውና ፔይድ በሚል ምህጻር የሚታወቀው መጠይቅ 20 ጥያቄዎች አሉት፤ ከ100 ውስጥ 40ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ሕመሙ ባስከተለው ከባድ ጭንቀት ውስጥ እንዳለ ይታሰባል። ከ20ዎቹ መካከል ግን ስለ ሰውነት ቅርጽም ሆነ ስለ ወሲብ በቀጥታ የሚጠይቅ አንድም የለም። መርፌዋን የምትቀንሰው ወጣትም ሆነች በር ዘግቶ የሚወጋው ሠራተኛ ሳይታወቁ ሊያልፉት ስለሚችሉ፣ ማንን እንጠይቅ ከማለታችን በፊት ምን እንደምንጠይቅ ብንነጋገር እመርጣለሁ።

ነርስ፦
«ለሴቶች ብቻ» የሚለውን እተወዋለሁ፤ ወጣት ሴቶች ይቅደሙ የሚለውን ግን አልተውም። ደግሞስ ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ ወንዱን ስለዚህ ጉዳይ ብጠይቀው ይመልስልኛል?

ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ወንድ፦
አይመልስም። ብቻዬን በመጣሁበት ቀን «ምሳ ላይ መርፌህን የት ሆነህ ነው የምትወጋው?» ተብዬ ቢሆን ኖሮ ግን እውነቱን እናገር ነበር።