ተጨማሪ የሶፋ ዋስትና ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

አዲስ ጎጆ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሶፋና የምግብ ጠረጴዛ ልንገዛ ነው። ዋጋ ተስማምተን ልንከፍል ስንል ሻጩ አንድ ወረቀት ብቅ አደረገ። "የ5 ዓመት ጥበቃ" ይላል። እድፍ፣ ቀዳዳ፣ ቃጠሎ ወይም የጠረጴዛ ጭረት ቢደርስ ያጸዳሉ፣ ይጠግናሉ፣ ካልሆነ ይቀይራሉ። ክፍያው የዕቃውን ዋጋ አንድ አስረኛ ይጠጋል። ባለቤቴ እንግባበት ትላለች። እኔ ደግሞ ነገሩ አልጣመኝም። ምን ትላላችሁ?

ቆጣቢው፦
ይቅርባችሁ። ሰው ኢንሹራንስ የሚገባው ቢደርስበት ለማይችለው ነገር ነው። ቤት ቢቃጠል ወይም በመኪናህ ሰው ብትገጭ ትደኸያለህ። ሶፋ ላይ ቡና ቢደፋ ግን ትናደዳለህ እንጂ አትደኸይም። ደግሞ ከዚያ ክፍያ ላይ ሻጩ ኮሚሽኑን ያነሳል፣ መደብሩ ድርሻውን ያነሳል፣ ውሉን የያዘው ድርጅት ያተርፋል። ለጥገና የሚውለው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። እኔ ብሆን ገንዘቡን ለብቻ አስቀምጠዋለሁ። ምንም ካልደረሰ የራሴው ነው።

የመንታ እናት፦
ቆጣቢው፣ ልጅ የለህም መሰለኝ። እኔ ገብቼበት አልቆጨኝም። መንታዎቼ 3 ዓመታቸው እያለ አንደኛው እስክርቢቶ ሲያኝክ ሰበረውና ቀለሙ ነጣ ያለው ሶፋ ላይ ፈሰሰ። ሌላው በመዳፉ አዳረሰው። ወዲያው ፎቶ አንስቼ ደወልኩ። መጀመሪያ የማጽጃ ፈሳሽ ላኩልኝ፤ ብሞክረው ጭራሽ አሰፋው። ከዚያ ባለሙያ መጣ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተንበርክኮ ታገለው፣ አልለቅ አለ። በመጨረሻ የሁለቱን መቀመጫ ልብስ ቀየሩልኝ። ከኪሴ የወጣ ነገር የለም። ለብቻዬ ብሆን ያንኑ ጨርቅ ከየት አገኘው ነበር?

ቆጣቢው፦
እሰየው። ግን አንቺ ሎተሪ የደረሰሽ ሰው ነሽ።

የመንታ እናት፦
ምን ሎተሪ ትላለህ? እኔ ቤት ዕጣው በየቀኑ ነው የሚወጣው!

የድሮ ሻጭ፦
የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ሶፋው ላይ ዋጋ የቀነስነውን የምናካክሰው በዚህ ወረቀት ነበር። ቢሆንም ውሉ ውሸት አይደለም። እህታችን እንደነገረችን ይሠራል። ግን ምን እንዳደረገች ልብ በሉ። ቀኑን ታውቃለች፣ ምክንያቱን ታውቃለች፣ ወዲያው ደወለች። ውሉ የሚፈልገው እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ነው።

አብዛኛው ሰው ግን "ሁሉንም ይሸፍናል" ብሎ ነው የሚገዛው። ወረቀቱን ብታነቡት "በድንገት፣ በአንድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት" ይላል። አንድ ደንበኛ ትዝ ይለኛል። የሶፋው ክንድ ጠቁሮበት ካሳ ጠየቀ። "መቼ ደረሰ?" ሲሉት "እኔ እንጃ፣ ቀስ በቀስ ነው" አለ። በዚህች ቃል ብቻ ጥያቄው ውድቅ ሆነ። የእጅ ላብና የፀጉር ቅባት ተጠራቅሞ ያመጣው ነው፣ አይሸፈንም ተባለ። ፀሐይ ያደበዘዘው ጨርቅ፣ ሽታ፣ ውሻ ያኘከው እግር፣ እነዚህም ብዙውን ጊዜ ከውሉ ውጭ ናቸው። የጊዜ ገደብም አለው። አንዳንዱ በ5 ቀን፣ አንዳንዱ በ30 ቀን ውስጥ አሳውቁ ይላል። በራሳችሁ ማጽጃ ከፈተጋችሁትም "አንተ ነህ ያባባስከው" የሚል መልስ ይጠብቃችኋል። ዕቃው አንዴ ከተቀየረ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሉ እዚያው ያበቃል፤ አዲሱ ሶፋ ያለ ጥበቃ ይቀራል።

ሶፋ ሰሪው፦
እኔ 20 ዓመት ሙሉ ሶፋ ሳለብስ ነው የኖርኩት። ሶፋ ምን እንደሚገድለው ልንገራችሁ። ስፖንጁ ይጎደጉዳል፣ ሞላው ይላላል፣ ስፌቱ ይተረተራል። ቡና ስለተደፋበት ብቻ ወደ እኔ የሚመጣ ሶፋ ከስንት አንድ ነው። ሞላና ፍሬም ላይ የሥራ ጉድለት ካለ ብዙ ጊዜ አምራቹ ራሱ ዋስትና ይሰጣል፤ ለዚያ ሌላ ክፍያ የለውም። መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

በተለይ "ቆዳ ነው" ተብሎ ከሚሸጠው ተጠንቀቁ። አንዳንዱ የቆዳ ፍርፋሪ ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተጣብቆ፣ ላዩን ፕላስቲክ የተቀባ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። የድንገተኛ ጉዳት ውል ደግሞ መላጥን አይቀበልም።

ልጄ አዲስ ጎጆ፣ መቀመጫውን አንሳና ከሥሩ ምልክቱን እይ። ብዙዎቹ ላይ ፊደል ተጽፎበታል። ደብልዩ ከሆነ ውሃ ባለው ማጽጃ ይጸዳል። ኤስ ከሆነ ውሃ በሌለው ማጽጃ ብቻ ይጸዳል፤ ውሃ ከነካው የደረቀ ክብ ምልክት ይተዋል። ሁለቱም ካለበት በሁለቱም ይሆናል። ኤክስ ከሆነ አቧራውን ከመሳብ ሌላ ምንም ማድረግ አይቻልም። ኤክስ ያለበትን ሶፋ ልጅ ያለበት ቤት አታስገባ። ዚፕ ያለው፣ ልብሱ የሚወልቅ ካገኘህ ደግሞ ከማንኛውም ወረቀት ይሻልሃል።

የመንታ እናት፦
ጋሼ፣ ከውሉ ጋር ጨርቁ ላይ የሚረጩት መከላከያስ? የእኔን ረጭተውልኝ ነበር።

ሶፋ ሰሪው፦
ፈሳሹ ቶሎ እንዳይሰርግ ያደርጋል፤ ለመጥረግ ጊዜ ታገኛለሽ። ግን እየቆየ ይለቃል፣ ሲታጠብማ ይበልጥ። ደግሞ ገዝተሽ ራስሽ መርጨት ትችያለሽ።

ቆጣቢው፦
ከመርጨታችሁ በፊት ውስጡ ያለውን አንብቡ። 3ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስኮችጋርድ በሚባለው የጨርቅ መከላከያው ውስጥ ይጠቀምበት የነበረውን ፒፎስ የሚባል ኬሚካል እንደሚያቆም ያስታወቀው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ኬሚካሉ በሰው ደም ውስጥ መገኘቱና ከተፈጥሮ አለመጥፋቱ ነበር ጉዳዩ። ሕፃናት የሚንከባለሉበት ጨርቅ ነውና እኔ አላደርገውም።

የመንታ እናት፦
ይሄንን እንኳን አላውቅም ነበር። ስለ ውሉ ግን አሁንም ሐሳቤን አልቀይርም።

የድሮ ሻጭ፦
አንቺ ልክ ነሽ፣ ቆጣቢውም ልክ ነው። የሁለታችሁ ቤት አይመሳሰልም። አዲስ ጎጆ፣ ሙሉውን ውል ይስጡህ፤ በራሪ ወረቀቱን አይደለም። ካሳውን የሚከፍለው መደብሩ ነው ወይስ ሌላ ድርጅት? መደብሩ ቢዘጋ ማን ይጠየቃል? በስንት ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል? እነዚህን ሦስቱን ጠይቀህ ተመለስ።

አዲስ ጎጆ፦
ጠይቄ ተመለስኩ። ውሉ 9 ገጽ ነው፣ በደቃቁ የተጻፈ። ካሳ የሚከፍለው ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ሌላ ድርጅት ነው። ጉዳት በ7 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። "ምክንያቱ ያልታወቀ እድፍ" አይሸፈንም። ባለቤቴ ይቺን ስታነብ ቀና ብላ አየችኝ። ሶፋ ላይ ተኝቼ የምበላው እኔ ስለሆንኩ ምክንያቱ መቼም አይጠፋም አለችኝ።

ለማንኛውም ደብልዩ የተጻፈበት፣ ዚፕ ያለው ሶፋ መረጥን። ወረቀቱን ይቅርብን ብለን ልንወጣ ስንል ሻጩ ከኋላ ተከትሎን "በግማሽ ዋጋ ልስጣችሁ" አለን። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስትከራከረኝ የነበረችው ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ይዛኝ ወጣች።

የድሮ ሻጭ፦
በግማሽ ብቻ? እኛ እስከ ሲሶ እንወርድ ነበር።